የትኩሳት መኪናው ሄክተር

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ ይፈራው ነበር። ሰክሮ አያውቅም፤ ሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ዝንብ እንኳ ቤት ከገባችበት መስኮት ከፍቶ ነው የሚሸኛት። ግን በእኛ በግላስጎው ሰፈር፣ ጎቫን ውስጥ፣ ልጅ አልበላም ሲል እናቱ ምን ትለው እንደነበር ጠይቁ። «ገንፎህን ብላ፣ አለዚያ ሄክተር ጊልፊላን ይወስድሃል!» ይህን በገዛ ጆሮዬ፣ በገዛ ደረጃዬ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ያቺን ሴት ምን እንዳልኳት እዚህ አልደግመውም። እኔ ኤፊ ጊልፊላን አፌ ለከት የለውም፤ ይህንን ግላስጎው በሙሉ ያውቃል።

ሄክተር የትኩሳት መኪና ነጂ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ባለማወቃቸው ደስ ይለኛል። ያኔ ልጅ ጉሮሮ የሚዘጋው ዘጊ አናዳ ወይም ቀይ ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ ለከተማው ጤና ቢሮ ያስታውቃል፤ ወዲያው ያቺ መኪና ትመጣለች። ነርሷ ልጁን በቀይ ብርድ ልብስ ትጠቀልለዋለች፤ ሄክተር አቅፎት ደረጃውን ይወርዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ያያል። ከኋላ ሌሎች ሰዎች ይመጡና ፍራሹን ለመቀቀል ይወስዱታል፤ ቤቱን በድኝ ያጥኑታል። ከዚያ በኋላ የዚያን ቤት በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም። ሆስፒታል የገባ ልጅ አልጋው አጠገብ ወላጅ አይደርስም፤ ውጭ ቆሞ በመስታወት ማየት ነው። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም።

ሄክተር አንድ ልማድ ነበረው። በር ከማንኳኳቱ በፊት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ያሽና እፍ እፍ ይልበታል። ለምን ቢሉት፣ ትኩሳት ያቃጠለውን ልጅ በቀዘቀዘ እጅ መንካት ነውር ነው ይል ነበር። ሲወስድ ደወል አያሰማም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። የዳነ ልጅ ሲመልስ ግን ከፊት ከጎኑ ያስቀምጠውና ከመንገዱ ጫፍ እስከ ቤቱ ድረስ ደወሉን በልጁ እጅ ያስደውለዋል። ሄክተር ከወሰዳቸው ውስጥ የመለሳቸው ይበልጣሉ። ግን ማን ያስታውስለታል? ሰው የወሰደበትን እንጂ የመለሰለትን መች ይቆጥራል!

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ሚና ታሎክ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ትልቋ ሼና ትባላለች፣ ገና ትምህርት ቤት የገባች፤ ትንሹ ሙርዶ ጡት እንኳ አልጣለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በጥር ወር፣ ሼናን ጉሮሮዋን አመማት። ሚናን ደረጃ ላይ አግኝቼ «ልጅቷ ምነው ጠፋች?» ብላት «ትንሽ ብርድ መታት» አለችኝ። በማግስቱም ጠየቅኋት፤ «ብርድ ነው አልኩሽ!» ብላ ተቆጣችኝ። ሐኪም የተጠራው ልጅቷ መተንፈስ ሲያቅታት ነው። ባሌ የራሱን ደረጃ ወጥቶ የጎረቤቱን ልጅ አቅፎ ወረደ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር፤ ትንሿ እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥታ ኮሌታውን ጨብጣው ነበር። ሼና ተመልሳ አልመጣችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚና ባሌን አላናገረችውም። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ ከነመርከቡ ሰጠመ፤ ያኔ እንኳ «እግዜር ያጽናሽ» ልንላት ብንል እንድወጣ የፈቀደችው ለእኔ ብቻ ነው። በሕንፃችን ደረጃ የሚታጠበው በየተራ ነው። የእኔ ተራ ሲሆን አጥቤ፣ ጠርዙን በነጭ አፈር አስምሬ ገና ቀና ሳልል፣ ሚና ባልዲዋን ይዛ ትወርድና ሄክተር የረገጠውን ትደግመዋለች። እሱ ሲያልፍ ከኋላው ውሃ ትደፋለች። አንድ ቀን ባልዲውን ነጥቄ አናቷ ላይ ልደፋው ስነሳ ባሌ ክንዴን ያዘኝ።

«ተያት ኤፊ።»

«ምን አድርገሃት ነው? እስቲ ንገረኝ፣ ምን በደልካት?»

«ምንም። ግን ጀርሙ ለዓይን አይታይም፤ እኔ እታያለሁ። የምትጠላው ነገር ያስፈልጋታል።»

«እንግዲያው ሌላ ትፈልግ!»

«ሌላ የላትም» አለና ሲጋራውን ለኮሰ። ሲጋራ ከእጁ አይጠፋም ነበር፤ ያን ጊዜ ማንስ አያጨስም ነበር! ሐኪሙ ራሱ ደረትህን እያዳመጠ ያጨሳል።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። በጦርነቱ ዓመታት ለዘጊ አናዳ ክትባት መጣ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰለፋሉ፤ ልጁ መርፌውን ሲያይ ይጮሃል፣ ከረሜላ ሲያይ ዝም ይላል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሕክምና ያለ ክፍያ ሆነ፤ ጥርስ የሌለው ጥርስ አስተከለ፣ ዓይኑ የደከመው መነጽር አደረገ። ዘጊ አናዳ ኪራይ እንዳልከፈለ ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ ከሰፈራችን ወጣ። ሄክተር ጠዋት መኪናዋን ያጥባታል፣ ከሰዓት ይወለውላታል፣ ማታ «ዛሬም ማንንም አልወሰድኩም» እያለ ይገባል። ሥራ ፈትቶ እንዲህ የሚኮራ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ አግብቼዋለሁም።

አልወጣም ብሎ የቀረ አንድ ነበር፤ ቲቢ። በየቤቱ ያለው ሳል ስም ነበረው፦ ብርድ፣ የመርከብ ፋብሪካው አቧራ፣ የጭሱ ጉም። ቲቢ ያለበት ቤት ግን ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም፤ ሬሳው ሲወጣ እንኳ «ደረቱ ደክሞ ነው» ይባላል። ለምን መሰላችሁ? ቲቢ ካለበት ቤት የሚያገባ የለም። የዚያን ቤት ስኒ የሚነካ የለም። ስለዚህ ሁሉም ይደብቃል፤ ደብቆም ለልጁ ያወርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1957 የጸደይ ወራት ከተማው ቲቢን ሊያጠፋ ቆርጦ ተነሳ። ከአገሩ ሁሉ ራጅ የሚያነሱ መኪኖች ተሰበሰቡ፤ ትራሞቹ ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በድምፅ ማጉያ «ኑ፣ ደረታችሁን ታዩ» ይባላል። የተነሳ ሰው ሁሉ ኮቱ ላይ የሚሰካው ትንሽ ባጅ ይሰጠዋል። ብልሃቱ እዚያ ላይ ነበር፤ ባጅ የሌለው ሰው ከሩቅ ያስታውቃል። እኛ ሰፈር ለቆመችው መኪና ሰው አስተናጋጅ ሲፈልጉ ሄክተርን መደቡት፤ «ሰፈሩን ያውቃል» ብለው። ሰፈሩን ያውቃል! ሰፈሩስ እሱን አያውቅም? ያንን ማን አሰበው!

በመጀመሪያው ቀን አንድም ሰው አልመጣም። ሴቶቹ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፤ ከእኛ ደረጃ ደግሞ ሁሉም የሚከተለው ሚናን ነው፣ ሚና ደግሞ መጋረጃዋን ዘግታለች። ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» አልኩት።

«አንድ ውሻ መጥቶ ነበር» አለኝ። «ባጅ ልሰጠው ትንሽ ቀረኝ።»

ሾርባውን ግን ሳይጨርስ ገፋው።

በማግስቱ ልብሴን በጋሪ ጭኜ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገባሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ነገር እንዲሰማ ከተፈለገ ጋዜጣ አያስፈልግም፤ እዚያ መናገር ነው። እንፋሎቱ መሃል ቆሜ «ስሙኝ እስቲ!» አልኩ። «ፔጊ ላውደር፣ ቀይ ትኩሳት ይዞት ሄዶ፣ ድኖ ሲመለስ ደወሉን እየደወለ ሰፈሩን ያደነቆረው የማን ልጅ ነው?»

ፔጊ ሳሙናዋን እያየች «የኔ» አለች።

«ማን አመጣው?»

«ሄክተር።»

«እና ትናንት መንገድ የተሻገርሽው ከማን ሸሽተሽ ነው? ከሄክተር ነው ከሳልሽ?»

«ኧረ ኤፊ፣ አንቺ ደግሞ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት ነው እንጂ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ባሌን የምትፈሩ ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡ፤ ራጁ እንደሆነ የሚያየው ደረታችሁን ነው፣ ፊታችሁንማ ማን ያየዋል!» ሳቁ። ሰው ከሳቀ ግማሹ ተፈታ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመሩ፤ ግን አመጣጣቸው! ለፎቶ እንደሚነሳ ሰው ታጥበው፣ ተቀብተው፣ የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ሽማግሌው ፔቲግሩ የጦር ሜዳ ኒሻናቸውን ሁሉ ደርድረው መጡና፣ አውልቁ ሲባሉ «ለንጉሥ ያላወለቅኩትን ለእናንተ አላወልቅም» ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ እሺ ብለው ገቡ፤ ሲወጡ ሄክተርን ጠርተው «ሁለት ኮፒ አድርግልኝ፤ አንዱን ካናዳ ላለችው እህቴ እልክላታለሁ» አሉት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሳንባዎ ፎቶ ነው፤ ፊትዎ የለበትም።»

«ታዲያስ! እሷ በየደብዳቤው የምትጠይቀኝ ስለ ሳንባዬ አይደለም እንዴ?»

ሰልፉ ማዕዘኑን ዞረ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ፣ በየስማቸው እየጠራ፣ አሮጊቶቹን በክንዳቸው እየደገፈ ሲያስገባ ከመስኮቴ አየሁት። እሰይ የኔ ጌታ አልኩ። ከሕንፃችን የቀሩት ሚናና ሙርዶ ብቻ ነበሩ።

ሙርዶ ያን ጊዜ መርከብ ፋብሪካ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፣ የእናቱ ብቸኛ ዓይን። የሥጋ ሻጩን ልጅ ሪታን አጭቶ፣ ሐምሌ ላይ ፋብሪካዎቹ ለዕረፍት ሲዘጉ ሊያገባ ነበር። እኔ እሱን ጡት ሲጠባ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጉንጩ ሲጎድል፣ ደረጃው መሃል ቆም ሲል አይቻለሁ። እናም አንድ ቀን ባጁን ኮቱ ላይ ሰክቶ እያፏጨ ወረደ። ሚና ከኋላው ቆማ ስትኮራ! ከሄክተር መኪና ሳይሆን ከሌላ ቦታ ተነስቶ ነው ብላ ነው ኩራቷ።

ማታ ለሄክተር ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

«አልተነሳም» አለ።

«ምን ታውቃለህ? ሌላ ሰፈር ተነስቶ ይሆናላ።»

«ትናንት አጠገቤ ሲያልፍ መኪናዋን ላለማየት አንገቱን አዞረ። የተነሳ ሰው እንዲህ አይሸሽም። ሌሊት ደግሞ ከጣሪያችን በላይ ምን እንደምሰማ አንቺም ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ትራስ አፉ ላይ አድርጎ የሚያስል ሰው ድምፅ እሰማ ነበር።

በማግስቱ ሄክተር ሙርዶን ከሥራ ሲመለስ ደረጃ ላይ ጠበቀው። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ አዳመጥኩ፤ ምን ላድርግ፣ የደረጃ ወሬ ሳይሰሙ ማለፍ አልችልም።

«ባጁ የማን ነው ሙርዶ?»

«የኔ ነው። ምን አገባህ?»

«ካንተ ሌላ ማንም አይሰማም። ና፣ እኔው ይዤህ አብሬህ ልግባ። አሁን እኮ መርፌ አለ፣ ክኒን አለ፤ የድሮው አይደለም።»

ሙርዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰርጉ ይለፍ፤ ከዚያ እመጣለሁ። የሪታ አባት ሳንባው ላይ ነጥብ ተገኘበት የሚል ከሰማ ልጁን አይሰጠኝም።»

«ካገባሃትስ በኋላ? አንድ ትራስ ላይ ልትስልባት ነው?»

ይሄኔ ልጁ ጮኸ። «እህቴን ወሰድካት! እኔንም ልትወስደኝ ነው?» ብሎ ሁለት ሁለቱን ደረጃ እየዘለለ ወጣ፤ ፎቅ ሲደርስ ግን ሳሉ ያዘውና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። ባሌ እታች ቆሞ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ።

ሄክተር ቤት ገብቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እኔ «ለጤና ቢሮ ተናገርና ተገላገል» ብለው «በግድ የሚመጣ የለም፤ የእናቱ ፈቃድ ነው የሚያመጣው» አለ። ከዚያ ተነሳ። «ልሄድ ነው።» የት ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሻሼን አስሬ ተከተልኩት። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሚናን ደረጃ ሲወጣ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በሯ ጋ ሲደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና እጁን ያሽ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትሸከመው ልጅ እኮ የለም!»

«እጄ ለምዶ ነው» አለና ተነስቶ አንኳኳ።

ሚና ከፈተች። ማን እንደሆነ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን ፈለግህ?»

«ወይዘሮ ታሎክ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ሙርዶ ነው።»

«ሙርዶ ባጁን ይዟል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ባጁ የሰው ነው። ልጅዎ አልተነሳም። ታሟል።»

«ብርድ ነው!» አለች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን አምልጦኝ አይደለም፤ አውቄ ነው የለቀቅኩት፣ ዛሬም አልጸጸትም። «ሼናንም ብርድ ነው ብለሽኝ ነበር!» አልኳት። «ይህን ሰውዬ ፈርተሽ፣ መኪናዋ በርሽ ላይ እንዳትቆም ብለሽ፣ ልጅቷን ደብቀሽ ሰነበትሽ። እሱም ያውቃል፤ ገና ሲያቅፋት ነው ያወቀው። ግን ለአንድ ነፍስ ተናግሮብሻል? ባልዲሽን እያየ ዝም አለልሽ!»

«ኤፊ! በቃሽ!» ባሌ ሲጮህ የሰማሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው።

በሩን ፊታችን ላይ ትዘጋዋለች ብዬ ነበር። አልዘጋችውም። እኔን ትታ ሄክተርን አየችው።

«ቶሎ ብጠራህ ኖሮ ትድን ነበር?» አለችው።

ባሌ ውሸት አያውቅበትም። «እንጃ፣ ወይዘሮ ታሎክ። ቶሎ የጠሩኝም ሞተውባቸዋል። ያኔ ሐኪሞቹም እኔም እጃችን ባዶ ነበር። ዛሬ ግን ባዶ አይደለም፤ ዛሬ የቀደመ ይድናል። እለምንዎታለሁ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ያች ሴት በልጇም ቀብር በባሏም መርዶ ያላለቀሰችውን ሁሉ በሯ መቃን ላይ ተደግፋ አለቀሰችው። ሙርዶ ከውስጥ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ ወጣ። መዳፏን ዘረጋችለት።

«ባጁን አምጣ። የማን ነው?»

«የሥራ ጓደኛዬ... በአንድ ፓኮ ሲጋራ ነው የገዛሁት።»

«ነፍስህ በአንድ ፓኮ ሲጋራ ነው ማለት ነው» አለችና ኮቱ ላይ ያለውን ራሷ ነቀለችው። እኔ በዚያ መሃል እንኳ ሳቄ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ሚና ታሎክ ወረደች። ኮፍያዋን አድርጋለች፣ የቤተ ክርስቲያን ኮቷን ለብሳለች፣ ልጇን በክንዱ ይዛዋለች። በጎን መንገድ መሄድ ትችል ነበር፤ መሃል መሃሉን መጣች። ሄክተር ፊት ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አቶ ጊልፊላን፣ እኔ ልቅደም፤ ልጄ ይከተለኛል» አለች። ባሌ ኮፍያውን አውልቆ ክንዱን ሰጣት። እጇን ጣል አደረገችበትና ገባች። የዚያን ዕለት ሰፈሬን ወደድኩት፤ አንድ እንኳ የተንሾካሾከ አልነበረም።

የእሷ ደረት ንጹሕ ሆነ። የሙርዶ ላይ ነጥብ ተገኘ፤ ትንሽ ናት፣ ገና ጀማሪ ናት አሉ። ድሮ ቢሆን ሳጥን ነበር የሚለካለት። አሁን ኮረብታው ላይ ባለው ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌና በክኒን ታከመ። ሥጋ ሻጩ እንደተፈራው ሰርጉን አፈረሰው፤ ሪታ ግን የማን ልጅ እንደሆነች አሳየችው፣ በየእሁዱ የአባቷን ምርጥ ሥጋ በወረቀት ጠቅልላ ለሙርዶ ትወስድ ጀመር። «ሰርቀሽ ነው?» ብላት «የሰርጌን ድግስ ነው የማስቀድመው፣ ኤፊ» አለችኝ። ሲወጣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሱሪው አልዘጋ ብሎት ነበር። በሚቀጥለው ሐምሌ ተጋቡ፤ ሥጋ ሻጩም አኩርፎ መጣ፣ ጠጥቶ ዘፈነ። ሚናና ባሌ አፍ ለአፍ ገጥመው የሚያወሩ ወዳጆች አልሆኑም፤ ሁለቱም የዚያ ዓይነት አይደሉም። ግን ደረጃዬን እንደገና ማጠብ ተወች፣ ሲያልፍም «ደህና አደሩ አቶ ጊልፊላን» ትለዋለች። ሄክተር ያንን ሰላምታ ለመስማት ብሎ ከቤት መውጫ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር፤ አታውቂም ብሎኝ ነው።

በቲቢ የሚሞት ሰው ከሰፈራችን እየጠፋ ሄደ። ሌላ ግን መጣ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሄክተር ደም አሳለው፤ በገዛ እጁ ሰው ሲያስገባ በኖረበት ራጅ ፊት ቆመ። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ አየው።

«ቲቢ ነው?» አለው ሄክተር።

«ቲቢ ቢሆን ኖሮ አድንህ ነበር» አለው ሐኪሙ።

የሳንባ ካንሰር ነበር፣ የሲጋራው። ቤት ስንመለስ እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ ይስቃል። «አየሽ ኤፊ፣ ያንን ሁሉ ጠላት በበር ስናስወጣ ኖረን፣ ይህንን እኔው ከሱቅ ገዝቼ አስገባሁት። ለሙርዶ ንገሪው፣ ሲጋራውን ይተው።» ነገርኩት፤ ተወ። ሄክተር ዛፎቹ ቅጠል መጣል ሲጀምሩ ዐረፈ።

በእኛ አገር ሬሳ ሳጥን ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በገመድ ነው፤ ወንዶቹ ዙሪያውን ይይዛሉ። ማን የትኛውን እንደሚይዝ ቀድሞ ተወስኖ፣ ለእያንዳንዱ ቦታው በካርድ ተጽፎ ይሰጠዋል። የራስጌው ገመድ የበኩር ወንድ ልጅ ድርሻ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም። ሴት ደግሞ መቃብር አትሄድም። የቀብር አስፈጻሚው ሳሎኔ መሃል ቆሞ ካርዶቹን እያከፋፈለ፣ ቀስ ብሎ «የራስጌውን ለማን እንስጥ፣ ወይዘሮ ጊልፊላን?» አለኝ። እኛ ልጅ አልወለድንም። የሰውን ልጅ ሁሉ ሲሸከም የኖረው ሰውዬ ራስጌው የሚቆም ልጅ የለውም።

ሚና ከማዕዘኑ ተነሳች። ካርዱን ከሰውዬው እጅ ወሰደችና ለሙርዶ ሰጠችው።

«ልጁ ይይዘዋል» አለች።

ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ልጅ አላቸው እንዴ?»

«አላቸው እንጂ!» አልኩት። «ይኸው ቆሟል፣ አይታይህም?»

ወንዶቹ ወጡ። በኋላ የነበሩት እንደነገሩኝ፣ ሙርዶ ራስጌው ቆሞ ገመዱን ያዘ፤ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስል ሄክተሬን ቀስ አድርጎ አወረደው።